የበቀለችው ጥይት

ሲፈን የልጄ ልጅ ናት። ደግ ልጅ ናት፤ ክፋቷ አንድ ነው፣ የእኔን ዕቃ ሳትጠይቀኝ ትነካካለች። ባለፈው ክረምት ዕቃ ቤት ገብታ የአባቴን የእንጨት ሣጥን አወጣችና ውስጡ ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ በአመድና በሎሚ ፈትጋ እንደ አዲስ አብለጨለጨችው። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ደረደረችው። ከገበያ ተመልሼ በሩን ስከፍት ያቺ የነሐስ ማጠፊያ እጀታዋን ዘርግታ አየችኝ። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆምኩ።

እሑድ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ መጡ። አንዱ ማጠፊያዋን አንሥቶ እጀታዋን አሽከረከረና «ይቺ ደግሞ የምን መፍጫ ናት?» አለ።

«መፍጫ አይደለችም፣ የጥይት መሙያ ናት» አለች ሲፈን በኩራት። «ቅድመ አያቴ የተተኮሰ የአደን ጥይት መልሶ ይሞላ ነበር። ታማኝነቱን ብታዩ! እርሳሱን መጀመሪያ ባለቤቱ መዳፍ ላይ ነበር የሚያፈሰው። ሰውየው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ይዞ፣ ራሱ ይጨምረዋል። ከአኖ፣ ከጊዳ አያና ድረስ ሰው ይመጣለት ነበር።»

«እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ እንግዶቹ እየተቀባበሉ።

እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዶሮዎቹ ጎመኔን ሳይነኩ «እሽ! እሽ!» እያልኩ አባረርኳቸው። ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጥርሴ ካለቀ በኋላ፣ እንደ ልጅ አፈርኩ። ሲፈን አልዋሸችም፤ የተናገረችው ሁሉ ሆኗል። ያልነገርናት ግን ለምን እንደሆነ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሕፈቴ አያምርም፤ ቢሆንም እኩዮቼ ታውቁታላችሁና፣ ያን ጊዜ ነቀምቴ የነበራችሁም ታስታውሱታላችሁና ልጻፈው።

አባዬ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር። ባሻ ካሳዬ ይሉታል። ወለጋ ሲመደብ እናቴን አገኘና እዚያው ቀረ። እናቴ የአገሩ ልጅ ናት፤ ቤታችን ውስጥ በአማርኛ ተቆጥተን በኦሮምኛ እንታረቅ ነበር። አባዬ ከወታደርነት ሲወጣ ጠመንጃ መጠገን ጀመረ። ሣጥኑን የገዛው አገር ለቆ ሲሄድ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ግሪክ ነጋዴ ነው። በዚያን ጊዜ የአደን ጠመንጃ ያለው ሰው አዲስ ጥይት እንደ ልቡ አያገኝም። ጥይቷ ቂጧ ነሐስ፣ ገላዋ ወፍራም ወረቀት ናት፤ አንዳንዷ ቀይ፣ አንዳንዷ አረንጓዴ። ከተተኮሰች በኋላ ባዶዋን ቀለህ ማንም አይጥላትም። በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ለአባዬ ያመጣለታል።

ልጅ ሆነን ባዶ ቀለህ የማይወድ አልነበረም። አፏ ላይ ከንፈርህን አሳርፈህ ስትነፋባት ታፏጫለች። ትምህርት ቤት ይዣት ስሄድ ልጆቹ በሸንኮራ አገዳ ይለውጡኝ ነበር። ሽታዋ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እንደ ክብሪት፣ እንደ ዝናብ የመታው አመድ ዓይነት ነው።

የአባዬ ሥራ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሣጥኑን ሲከፍት እያንዳንዱ መሣሪያ በየቦታው ተኝቷል። መጀመሪያ ቀጭኗን ብረት ከቀለሁ ውስጥ አስገብቶ በመዶሻ መታ ሲያደርጋት፣ የተቃጠለችው እሳት መጫሪያ ከቂጧ ተፈናጥራ ትወድቃለች። እሷን ቆብ ነበር የምንላት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። በእሷ ቦታ አዲስ ቆብ ይተክላል። ከዚያ የቀንድ እጀታ ባላት ትንሽ መስፈሪያ ባሩዱን ሰፍሮ ይጨምራል፤ በላዩ ከአሮጌ ባርኔጣ የተቆረጠ ክብ ውታፍ ይከትና በእንጨት ይጠቀጥቃል። ከዚያ እርሳሱ፣ ከእርሳሱ በላይ ስስ ካርቶን። በመጨረሻ ጥይቷ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን ወደታሰረችው ማጠፊያ ትገባለች። እጀታዋን ስታዞራት የወረቀቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋል። ያን የማዞረው እኔ ነበርኩ። «ብርቄ፣ ነይ አዙሪ» ሲለኝ የማልተወው ጨዋታ አልነበረም። አባዬ አንዷን ዘግተን ባወጣን ቁጥር «ሰውና ጥይት ከተዘጋ በኋላ ውስጡ አይታይም» ይል ነበር። ያኔ ጥበብ ይመስለኝ ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ እኔ የምወደው ኦቦ ገመቹን ነው፤ ኦቦ እንደ አቶ ማለት ነው። ከከተማው በታች ያለውን የአንድ ቀኛዝማች በቆሎ የሚጠብቅ ጭሰኛ ነበር። ጠመንጃው የቀኛዝማቹ ነው፣ መሬቱም የቀኛዝማቹ ነው፤ የገመቹ የነበረው ማማ ላይ መቀመጡና ድምፁ ብቻ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮ፣ ሲመሽ ከርከሮ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ቀለሁን ይዞ ቤታችን ሲደርስ ከውጭ ጀምሮ በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጅርቱ! ሰው አለ ወይስ ሁሉም ተኩሶ ጨረሰ?» እያለ ይገባል። ለእናቴ አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ ያመጣላታል። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ የተጠበሰ እሸት ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠኛል። ኪሱ ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይላል።

አንድ ቀን ቀኛዝማቹ ራሱ በበቅሎ መጣ። ያኔ «እሳቸው» እንለው ነበር፤ ዛሬ ግን እኔ «እሱ» ነው የምለው፣ ዕድሜዬ ፈቅዶልኛል። ጓዳ ድረስ ገባ። እኔ ጠረጴዛው ሥር የወዳደቁ ቆቦች እለቅም ነበርና አላየኝም፤ ቢያየኝም እንደ ሰው አይቆጥረኝም ነበር። ከባድ የእርሳስ ጥፍጥፍ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ባሻ፣ ለዚያ ለማማው ሰውዬ የምትሞላለትን ጥይት ከእንግዲህ ያለ እርሳስ ሙላው» አለ።

«ያለ እርሳስ? ምኑን ሊመታበት ጌታዬ?»

«አይምታ። ዝንጀሮ የሚሸሸው ድምፅ ሰምቶ ነው፤ ድምፅ ይበቃዋል። ዘንድሮ የጭሰኛው አስተያየት አላማረኝም። ጠመንጃ ይያዝልኝ፣ እርሳስ ግን አይያዝብኝ።»

«እንግዲያው ይወቀው ጌታዬ። ልንገረው።»

«ባዶ መሆኑን ካወቀማ ማማው ላይ መች ይወጣል? ነገሩን እንዳታፈርስብኝ። እርሳሱን ለራስህ አድርገው፤ አንተም ጅግራ ትወዳለህ አሉ።»

አባዬ ወታደር ስለነበረ ሹም ፊት ዝም ማለት ለምዷል። ቀኛዝማቹ ሲወጣ ጥፍጥፉን በእጁ መዘነው፣ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሣው። ከዚያ እናቴን «አተር አለ?» ሲል ሰማሁት።

አተር የተፈለገው እንዲንኮሻኮሽ ነው። ለከርከሮ የሚሞላው እርሳስ የአተር ፍሬ ያክላል፤ ደረቅ አተር ጥይቷ ውስጥ ሲገባ ስትነቀንቃት ልክ እንደ እርሳስ ትሰማለች። አባዬ አተሩን እፍኝ አድርጎ ጨመረ፣ በካርቶን ሸፈነ፣ «ብርቄ፣ ነይ አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ። «አባዬ፣ አተር ለምን?» አልኩት። «ለዝንጀሮ ነው። ይቆነጥጠዋል» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። አተር የሚቆነጥጠው ዝንጀሮ በዓይኔ መጥቶ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ኦቦ ገመቹ የሚያውቅ፣ ከአባዬ ጋር ተመካክረው ዝንጀሮ ላይ የሚቀልዱ ነበር የመሰለኝ።

ቅዳሜ ኦቦ ገመቹ መጥቶ አዲሶቹን ጥይቶች ተቀበለ። አንዷን መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረጋት።

«ባሻ፣ ቀለለችብኝ።»

«አዲስ ባሩድ ነው» አለ አባዬ፣ ቀና ሳይል። «ትንሽ ትቀላለች።»

ኦቦ ገመቹ ጆሮው ላይ ነቀነቃት። ተንኮሻኮሸች። ሳቀ። «እንግዲህ እኔም በዚህ ክረምት ቀልያለሁ። እሷም እንደኔ ሳትበላ ከርማለች ማለት ነው!» አለና ጥይቶቹን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። እሸቱን ሰጠኝ። ሄደ። አባዬ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ሆዴን አሞኛል አለ።

እርሳሱ ግን ተበላ። አባዬ በብረት ድስት ያቀልጠውና በተበሳሳ ቆርቆሮ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ያንጠባጥበዋል፤ ጭስስስ እያለ ወደ ውሃው እየገባ የወፍ እርሳስ ይሆናል። እኔና ወንድሞቼ ዙሪያውን ከብበን እንስቅ ነበር። በዚያ እርሳስ ጅግራ መታ፣ እናቴም በቅቤ ወጥ ሠራችው። ስበላ አንዲት ፍሬ እርሳስ ጥርሴ ሥር ቀጭ አለች። አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግኋት። «ዕድለኛ ናት፣ ለእሷ ደረሳት!» ብለው ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጥሩ ምግብ በልቻለሁ፤ ምላሴ ላይ እስከ ዛሬ የቀረው የዚያች እርሳስ ጣዕም ነው። የማን ድርሻ እንደነበረች ያወቅሁት በኋላ ነው።

መስከረም ሲገባ፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ አንድ ትልቅ ከርከሮ ከጫካው ወጥቶ በቆሎውን ይሰባብር ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኦቦ ገመቹ ማማው ላይ ሆኖ ይጮኽ ነበር። ያን ቀን ግን ጠመንጃውን አምኖ ወረደ። ጠጋ ብሎ ተኮሰ። ሁለቱንም አፈሙዝ ተኮሰ። ከርከሮው ራሱን ነቅንቆ ዞረበትና ጭኑን በክራንቻው ዘነጠለው።

ሰው ተሸክሞ ቤቱ አደረሰው። ሞት አልነበረም፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከእግሩ የባሰው ወሬው ነበር። «ከርከሮ አፍንጫው ሥር ቆሞ የሳተ» ተባለ። ገበያ ላይ ወጣቶች አፋቸውን «ቷ! ቷ!» እያደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የተኮሰ ሰው እያስመሰሉ ይሣለቁበት ነበር። በዚያ አገር አውሬ ፊት ለፊት ቆሞ የሳተ ሰው በሰው መካከል ቀና ብሎ አይናገርም። ቀኛዝማቹም ሰበብ አገኘ፦ «ሰክሮ ተኩሶ በቆሎዬን አስበላው፤ መሬቴን ይልቀቅልኝ» ብሎ ለሽማግሌዎች ተናገረ። ኦቦ ገመቹ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ከዚያ መሬት ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም።

እኔ ለእናቴ «አተር ስለነበረ እኮ ነው» አልኳት። እጇን አፌ ላይ ከደነች። ቀስ ብላ ነው የከደነችው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። «አባትሽ ያውቃል» አለችኝ። «ማወቅስ ያውቃል» አልኩ በልቤ፣ «እኔ የምለው ኦቦ ገመቹስ ያውቃል ወይ?» ድምፅ ብቻ እንደሆነ ቢነገረው ኖሮ አይወርድም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለሰው ባዶ ጠመንጃ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ ነው ብሎ መስጠት ግን ሌላ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከገበያው በላይ ካለው ሾላ ሥር ነው። ጥይቱን የሞላው አባዬ ነውና ይምጣ ተባለ። እኔ በርጩማውን ተሸክሜለት ሄድኩ። ኦቦ ገመቹን ልጆቹ በቃሬዛ አምጥተውት ሾላው ሥር ተጋድሟል። ወዲያ ደግሞ ቀኛዝማቹ ከበቅሎው ሳይወርድ ቆሟል። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ነበሩ፤ ሰው ሲናገር ጆሯቸውን እንጂ ፊታቸውን አያዞሩም።

ቀኛዝማቹ ስካሩን ተናገረ። ኦቦ ገመቹ «አልጠጣሁም፣ አልሳትኩም። ለምን እንዳልወደቀ ግን አላውቅም» አለ። ሌላ የሚለው አልነበረውም። ካልሳተ ከርከሮው እንዴት ሳይወድቅ ቀረ? አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ ፈገግ አለ።

ያኔ ሚስቱ አዴ ዲንቂቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በእጇ የኮባ ቅጠል ይዛለች። «ቡልኮውን ላመጣ ማማው ላይ ወጥቼ ነበር» አለች። «ለክፉ ቀን ብሎ የሣር ክዳኑ ውስጥ የሸጎጣት አንዲት ጥይት ነበረችው። በዝናብ ስትመታ ከርማለች።» ቅጠሉን ገለጠችው።

ቀይዋ ጥይት ነበረች። ውሃ ጠጥታ እንደ እርጉዝ ተነፍታ፣ ወረቀቷ ጎኗ ላይ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ነጭ ሥርና አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል። አተር በቅሎባታል።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። «ጥይት በቀለች! ኧረ ጉድ ነው፣ ጥይት በቀለች!» እያለ ከኋላ ያለው በፊተኛው ትከሻ ላይ ተንጠራራ። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቀም። ጥይቷን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አድርጎ አያት፣ ከዚያ አባዬን አየው። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየቆመ ሄደ።

ቀኛዝማቹ ምንም እንደማያውቅ «ባሻ፣ ይሄ ምንድነው?» አለ።

አባዬ ከበርጩማው ሳይነሣ መለሰ። «እኔ የሞላሁት እርሳስ ነው» አለ። «ከእጄ ከወጣች በኋላ እርሳሱን ማን እንዳወጣው አላውቅም።»

አላውቅም ያለው ሰው ኦቦ ገመቹን ሌባ አደረገው። ሁሉም ገባው። እርሳሱን አውጥቶ ሸጦታል ማለት ነው። ከስካሩ ላይ ሌብነት ተጨመረበት። አባቴ ነው የጨመረበት።

እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሁሉም እንዲሰማኝ በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት። «አተር ነው የሞላነው። እጀታዋን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ያለ እርሳስ ሙላው ያሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው» ብዬ በቅሎውን አመለከትኩ። ወደ ላይ ለማየት ፈርቼ ጣቴ በቅሎው ላይ ቀረ።

«እኔን ከሕፃን ጋር ልታሟግቱኝ ነው?» አለ ቀኛዝማቹ። በቅሎውን አዞረና ሄደ። ማንም አልመለሰውም። ማን ይመልሰዋል? በዚያ ዘመን መሬቱ የሱ ነው፣ ዳኛው የሱ ወዳጅ ነው። ጥፋቱን ጠንስሶ በበቅሎ ሄደ፤ አባዬ ግን በርጩማው ላይ ቀረ። ይሄ ደግሞ ሌላው የሚያንገበግበኝ ነው።

ኦቦ ዋቅጅራ ጆሯቸውን ወደ አባዬ አዞሩ። «ባሻ፣ ዱጋ? እውነት ነው? ወይስ ልጅህ ዋሸች?»

አባዬ አየኝ። ዓይኑ ያን ጊዜ እንዴት እንደነበረ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው። አንዲት ጉንዳን በባዶ እግሬ ላይ ስትሄድ ትዝ ይለኛል። ዋሽታለች ቢል ይድን ነበር። ሰው ከልጅ ይልቅ ባሻን ያምናል።

«አልዋሸችም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተመካከሩ። ኦቦ ገመቹ ከመሬቱ እንዳይነቀል፣ እግሩ እስኪጠና አባዬ እርሻውን አርሶ እንዲዘራለት ፈረዱ። ይሄ የተለመደ ነው። ቀጥለው ኦቦ ዋቅጅራ ማንም ያልጠበቀውን ተናገሩ። «ባሻ ከእንግዲህ ጓዳ ውስጥ አይሙላ። ሣጥኑን በረንዳ ላይ ያውጣ። እርሳሱን ባለ ጥይቱ መዳፍ ላይ ያፍስስ፤ ባለ ጥይቱ አይቶ ራሱ ይጨምር። ይህን እጁ መሥራት እስኪያቅታት ድረስ ያድርግ።»

ቤት ስንመለስ አባዬ ከፊት፣ እኔ በርጩማውን ተሸክሜ ከኋላ ነበርን። እንደሚገርፈኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አልገረፈኝም። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ምንጭ ላይ ሴቶቹ «አባቷን የሸጠች» እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። አንዲቱ ደግሞ እንስራዬን እያሸከመችኝ «እውነቱንስ ተናገርሽ፣ ግን ልጅ እንዲህ አይደለም» አለችኝ። ታዲያ ልጅ እንዴት ነው? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። እውነት ተናግሬ አፈርኩ። አባቴ ዋሽቶ ነበርና በሱ አፈርኩ፤ ያዋረድኩት ደግሞ እኔ ነኝና በራሴ አፈርኩ። ሁለቱ ሐፍረት አንድ ሆድ ውስጥ አይስማሙም።

የቀኛዝማቹን በቆሎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ጠፋ። ጭሰኛው ሁሉ «ሲሞላ ያላየሁትን ጥይት ይዤ ማማ አልወጣም» አለ። በዓመቱ ኦቦ ገመቹ ራሱ እያነከሰ ወደ ማማው ተመለሰ። ቅዳሜ በዱላ እየተደገፈ ግቢያችን ገባ። «አካም ጅርቱ» አለ፤ ቀልዱን ግን አልጨመረበትም። አባዬ በረንዳው ላይ ባሩዱን ሰፈረ፣ ውታፉን ጠቀጠቀ፣ ከዚያ «መዳፍህን ዘርጋ» አለው። ኦቦ ገመቹ ዘረጋ።

አባዬ እርሳሱን በአንዴ ገለበጠው። ከተዘረጋው መዳፍ ተርፎ ፈሰሰና በረንዳው ላይ ተበተነ፤ ተንከባሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ኦቦ ገመቹ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ የማይታጠፍ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ እያለ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። አባዬም ወረደ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች መሬት ላይ ሆነው ሲለቅሙ ቆሜ አየሁ።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ ኦቦ ገመቹ፣ ቀና ብሎ። «ያንቺ ዓይን ይሻላል። ከጠረጴዛው እግር ሥር አንዲት ቀርታለች።»

አንሥቼ መዳፉ ላይ አደረግኋት። ቀለሁ ውስጥ ጨመራት። አባዬ «ብርቄ፣ ነይ አዙሪ» አለኝ። ከሾላው ሥር ሸንጎ ወዲህ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኔ ስለጨለመብኝ እጀታዋን በዳሰሳ ነው ያገኘኋት።

ዓመታት አለፉ። የሾላው ሥር ሸንጎ ተረሳ፤ መዳፍ ላይ ማፍሰሱ ግን አልቀረም። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ምክንያቱን አያውቅም፤ አይቶ ይደነቃል፣ «ታማኙ ባሻ» እያለ ለሌላው ይነግራል። ደንበኛው ከድሮው በዛ። ሰው ሲያመሰግነው አባዬ አንገቱን ደፍቶ «ይሁን» ይል ነበር። «ተፈርዶብኝ ነው» ብሎ አያውቅም። እኔም ከአጠገቡ ሆኜ እጀታዋን አዞራለሁ። እጁ መሥራት እስኪያቅታት አደረገው፤ የፈረዱበት ኦቦ ዋቅጅራ ከሞቱ በኋላም፣ ማንም የማይቆጣጠረው ከሆነ በኋላም አደረገው። በስተኋላ ፍርድ ይሁን ልማድ፣ ወይስ በእውነት እንደዚያ ያለ ሰው ሆኖ ይሁን፣ ልጁ ሆኜ እንኳ መለየት አልቻልኩም።

ዛሬ ጥይት የሚሞላ የለም፤ ባይኖርም አልናፍቀውም። የሚናፍቀኝ ያቺ የተዘረጋች መዳፍ ናት። አሁን ሁሉ ነገር ታሽጎ ነው የሚመጣው። ዘይቱ ታሽጓል፣ በርበሬው ታሽጓል፣ መድኃኒቱ ታሽጓል። ላዩ ላይ የሚያምር ሥዕል አለ፤ ነቀንቀው፣ ይንኮሻኮሻል። ባለፈው ሳምንት ከገዛሁት በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት አገኘሁና ባለ ሱቁን «እስቲ ፊቴ አፍስሰው» ስለው «እማማ፣ ጊዜ የለኝም» አለኝ። በእኛም ዘመን ሌባ ነበረ፤ የራሴን ቤት ነገርኳችሁ እኮ። ግን ሾላ ሥር ቁጭ ብሎ ጆሮውን የሚያዞርልህ ሰው ነበረ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለሲፈን ሁሉንም ነገርኳት። ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ታዲያ ከሳሎን ላንሣው እንዴ አያቴ?» አለችኝ።

«አታንሺው» አልኳት። ጓዳ ገብቼ በትንሽ ብርጭቆ ደረቅ አተር ይዤ መጣሁና ማጠፊያዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። «ማውራት ከፈለግሽ ሁለቱን አብረሽ አውሪ። ካልሆነ ዝም በዪ።»

በሚቀጥለው እሑድ አንዲት ጓደኛዋ መጣች። እኔ ጥግ ይዤ ጥጤን እፈትላለሁ። ልጅቱ እንደ ሁሉም ሰው መጀመሪያ እጀታዋን አሽከረከረች፣ ምንነቱን ጠየቀች። ሲፈን አፏን ከፈተች፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ብርጭቆውን አነሣችና «መዳፍሽን ዘርጊ» አለቻት።

ልጅቱ እየሳቀች ዘረጋች።